አራጅ ያጣች ዶሮ

ቺሶሞ አውራ ዶሮውን ያረደችው በጠራራ ፀሐይ ነው። በሩን አልዘጋችም፣ ጓሮም አልገባችም። ግቢው መሐል፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ሁለቱን ክንፎች በአንድ እግሯ፣ እግሮቹን በሌላው ረገጠች፤ አንገቱን ሳብ አድርጋ በቢላዋ ጨረሰችው። ከዚያ እያንጎራጎረች ላባውን የምትነጭበትን ውኃ ጣደች። ገና ልጅ ሳለች እናቷ ያስተማረቻት ሥራ ነው። በማላዊ፣ ሴት ልጅ ዶሮ ማረድ ካላወቀች ድንገት እንግዳ ቢመጣባት ምን ልታበላው ነው?

ችግሩ ቀኑ ታኅሣሥ አሥራ ስድስት መሆኑ ነው። ለእሷ የገና ዕለት፣ ለሸዋሮቢት ክርስቲያን ግን የገና ጾም ገና አላለቀም። ሌላኛው ችግር ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ቢላዋውን የያዘችው ሴት ናት።

አከራይዋ እቴነሽ ከማድቤት ብቅ ብላ ደሙን ስታይ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

«እግዚኦ! አንቺ ሴትዮ፣ ምን አደረግሽ?»

«ዶሮ አረድኩ።»

«ማረድሽንማ አየሁ! ማን እረጂ አለሽ? አብዱልሃዲን ትጠሪያለሽ ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት!»

አብዱልሃዲ መንገዱን ተሻግሮ፣ ከበራቸው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሙስሊም ጎረቤታቸው ነው። እቴነሽ ነገሩን በልቧ ጨርሳው ነበር። ክርስቲያን ወንድ በጾም ቢላዋ አያነሣም፤ አብዱልሃዲ ግን ይህ ጾም አይመለከተውም፤ ቺሶሞም የማን ሥጋ ነው ብላ የምትመርጥ አይደለችም። እሱ ያርድላታል፣ እሷ በራሷ ድስት ሠርታ በጓዳዋ ትበላለች፣ ማንም ሳይሰማ ያልፋል። ሴትዮዋ ራሷ ቢላዋ ታነሣለች ብሎ ማን ያስብ?

«አብዱልሃዲ ለምን?» አለች ቺሶሞ፣ ግራ ገብቷት። «እኔ እጅ አለኝ።»

እዚህ ላይ ነገሩን ለማያውቅ ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚህ አገር ሴት ዶሮ ትገዛለች፣ ትነጫለች፣ ትገነጥላለች፣ በሎሚና በጨው እያመላለሰች ታጥባለች፣ ዓይኗ እስኪጠፋ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ወገቧ እስኪቆረጥ ስታቁላላ ታድራለች። አንገቱ ላይ ቢላዋ ማሳረፍ ግን የወንድ ነው። ባል ከሌለ ወንድም፣ ወንድም ከሌለ ጎረቤት፣ እሱም ከታጣ አላፊ አግዳሚው ይለመናል። በበዓል ዋዜማ ዶሮና ቢላዋ ይዛ ደጃፏ ላይ የቆመች ሴት ካያችሁ፣ ባሏ ወይ ሞቶባታል ወይ ርቆባታል። አፍንጫውን ያልጠረገ ማሙሽም ቢሆን ወንድ እስከሆነ ድረስ ያርድላታል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «አይደረግም» ነው። የት እንደተጻፈ የሚያሳያችሁ ግን እስካሁን አልተወለደም።

ቺሶሞ ሸዋሮቢት ከመጣች ዓመት አልፏታል። ጀውሃ አካባቢ የውኃ ጉድጓድ በሚያስቆፍር ድርጅት ውስጥ ባለሙያ ናት። አማርኛ ከምትናገረው የምትሰማው ይበልጣል፤ ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌውም ቄሱም፣ ለእሷ «አንተ» ነው። የውጭ አገር ሰው መሆኗን ግን ማንም አልተቀበለላትም። ጥቁር ናት፣ ሹሩባ ትሠራለች፣ ባጃጅ ላይ እንደማንም ተጨናንቃ ትሳፈራለች። አማርኛዋ ሲሰናከል ሰዉ በኦሮምኛ ይሞክራታል፤ ያም ሳይሆን ሲቀር «ጋምቤላ ነሽ?» ይላታል። «ማላዊ» ስትል «እሱ ከጋምቤላ ማዶ ነው?» ያላትም አለ። አብሯት የሚሠራው ሆላንዳዊ መሐንዲስ በጾም አደባባይ ተቀምጦ ጥብስ ሲያዝ «ፈረንጅ አይደል፣ ምን ያውቃል» ተብሎ ይታለፋል። እሷ ግን የኛ ናት፤ የኛ ከሆነች ደግሞ እንደኛ ትጹም።

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቷ የውጭ አገር ሠራተኞቹን ሁሉ አዲስ አበባ ጠርቶ በትልቅ ሆቴል ገናን አክብሮላቸው ነበር። የፕላስቲክ ጥድ ነበረ፣ በላዩ ላይ በረዶ ነው የተባለ ጥጥ ተበትኖበታል። ቺሶሞ በረዶ የወረደበት ገና በሕይወቷ አይታ አታውቅም፤ የእነሱ ገና ዝናብና ጭቃ ነው። ያላትን ጥሩ ቀሚስ ለብሳ ጥጉን ይዛ እንደቆመች አንድ ሰውዬ ባዶ ብርጭቆ አስይዟት «ጨምሪበት» ብሏት ፊቱን አዞረ። ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ዘንድሮ ያው ጥሪ ሲመጣ የመለሰችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አልመጣም»። አለቃዋ ደውሎ «በዓልን ብቻሽን ልታሳልፊ ነው?» ሲላት፣ «ብቻዬን አይደለሁም፣ ቤቴ ነኝ» አለችው።

እና ቤቷ አከበረች። በእነሱ አገር ገና ማለት ሩዝና ዶሮ ነው፤ በዕለቱ በር የሚዘጋ ሰው የለም፣ የሰፈሩ ልጆች እየዞሩ ከየቤቱ ይጎርሳሉ። ሩዙን ቀቅላ፣ ዶሮውን በቲማቲም ሠርታ፣ ትንሿን ጠረጴዛ በረንዳው ላይ አወጣች። እናቷ ከብላንታየር ደወለች። ከበስተኋላዋ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮና የእህቶቿ ሳቅ ይሰማል።

«ማን አብሮሽ ይበላል?» አለች እናቷ።

«ጎረቤቶቼ» ብላ ዋሸች ቺሶሞ። ስልኩን ዘግታ ሳህኗን አየችው። አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ ግን ዛሬ አላለቅስም ብላ ጥርሷን ነክሳ ሩዙን ጎረሰች።

እቴነሽ ይህን ሁሉ ከማድቤቱ በር ላይ ሆና ታያለች። ሴትዮዋ ቀላል ሴት አይደለችም። ገበያ ላይ ሽንኩርት በጆንያ ገዝታ ለመኪና የምታስጭን፣ ከደላላ ጋር ተሟግታ የምትረታ ናት። ትንሽ ካመነታች በኋላ የራሷን ሽሮ በራሷ ሳህን ይዛ መጣችና ከቺሶሞ ፊት ለፊት ዱካ ስባ ተቀመጠች።

«እኔ ጾሜን ነኝ» አለች። «ከድስትሽም አልነካ። ግን በዓመት በዓል ሰው ብቻውን አይበላም፤ ይሄ ነውር ነው። እንኳን አደረሰሽ።»

ሁለቱ እንደዚያ በሉ፤ አንዷ የፍስክ፣ አንዷ የጾም፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ የግቢው በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ። መንገድ ያለፈ ሁሉ አያቸው። ያየ ደግሞ አላፈረም፣ አወራ።

ወሬው ከሰዓት በኋላ አሰፋ ዘንድ ደረሰ። አሰፋ የእቴነሽ ዋርሳ ነው፤ የሟች ባሏ የሽፈራው ታላቅ ወንድም። ሽፈራው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ መኪናው ካራቆሬን አለፍ ብሎ ከተገለበጠ ወዲህ እቴነሽ ግቢውን ለብቻዋ ይዛለች። አሰፋ አጣዬ የራሱ ቤት ነበረው። አጣዬ ስትነድ የእሱም ቤት ነደደ፤ የለበሰውን ይዞ መጣ። እቴነሽ አሁን ቺሶሞ ያለችበትን ክፍል ለቃለት ብዙ ወራት አኖረችው። ኋላ ሠርቶ ቤት ሲከራይ ክፍሉን ለቀቀ፣ እሷም ለኑሮዋ ስትል አከራየችው። እሱ ግን ያን ክፍል ከልቡ አላስወጣውም። ልጁ ዮናስ ሚስት ሊያገባ ነው፤ «በወንድሜ ግቢ ባዕድ ተቀምጦ የወንድሜ ደም ኪራይ ይከፍላል» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ቤት የነደደበት ሰው ነውና አንጀት ይበላል፤ እቴነሽም ክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም።

ደግሞም በየበዓሉ ዶሮዋን የሚያርድላት እሱ ነው። ሳይጠራ ይመጣል፣ ያርዳል፣ የሽፈራው ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ «ወንድ የሌለበት ቤት ምን ቤት ነው» ይላል፣ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ከዚያ ቀጣዩ በዓል እስኪመጣ ያ ነገር ጆሮዋ ላይ ይቀራል።

በሩን በከዘራው መታ አድርጎ ገባ።

«በጾም፣ በወንድሜ ግቢ፣ በሴት እጅ ደም ፈሰሰ አሉኝ። እውነት ነው ውሸት?»

«እውነት ነው ጋሼ። በዓሏ ነው» አለች እቴነሽ፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ።

«የምን በዓል? ገናን ማን አደረሰው?»

«በእነሱ ዛሬ ነው።»

«በእነማን?» ቺሶሞን ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። «ፈረንጅ ብትሆን፣ እሺ፣ ፈረንጅ ናት እንላለን። ይቺ ምኗ ነው ፈረንጅ? እንደኔና እንዳንቺ ጥቁር አይደለችም?»

ቺሶሞ ሰውዬው እንደተቆጣ ገብቷታል። ግን በገና ዕለት ደጅሽ የመጣን ሰው መጀመሪያ ታበያለሽ ተብላ ነው ያደገች። ሳህን አነሣችና የዶሮውን እግር ከነሩዙ አድርጋ ዘረጋችለት።

«አንተ ብላ» አለችው፣ ከልቧ።

አሰፋ እንደተተፋበት ሰው ወደኋላ አለ። ከሱቁ በር ላይ ሆና የምታየው ራቢዓ፣ የአብዱልሃዲ ሚስት፣ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነችው።

«ስሚ እቴነሽ» አለ አሰፋ፣ ድምፁ ወርዶ። «ይቺ ሴት እስከ ገና ክፍሉን ትልቀቅ። ካለዚያ ዶሮሽን የሚያርድልሽ ወንድ ፈልጊ። እኔ የለሁበትም። ከዚህ ሰፈርም ለአንቺ ቢላዋ የሚያነሣ ወንድ ካለ እናያለን።»

ሄደ። ስለ ጾሙ ነው የተቆጣው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሰፈሩ በሙሉ የፈለገው ክፍሉን እንደሆነ ያውቃል። ግን እንዲህ ብሎ የሚናገር አልነበረም። ጾም የተነካበትና ሴት ቢላዋ ያነሣችበት ነገር ሲነሣ ሰው አፉን ይሰበስባል።

እቴነሽ ዕቃዋን አነሣችና ገባች። ቺሶሞ ግን ውስጧ ነደደ። እሷን ቢሰድባት ግድ አልነበራትም፤ ሴትዮዋን በገዛ ቤቷ፣ ቆማ እንድትሰማው ማድረጉ ነው ያንገበገባት።

ጀንበር ስትጠልቅ ማድቤቱ ድረስ ሄደች። እቴነሽ ምስር ትለቅማለች።

«እትዬ፣ እኔ ልሂድ? ድርጅት ቤት አለው። ነገ መሄድ እችላለሁ።»

እቴነሽ ቀና ብላ አየቻት። «ሂጂ አልኩሽ?»

«አላልሽም።»

«ታዲያ ማን ሂጂ አለሽ? የቤቱ ባለቤት እሱ ነው?»

«ግን ዶሮ...»

«ዶሮ!» አለች እቴነሽ፣ ምስሩን ከነሰፌዱ አስቀምጣ። «ዶሮውንማ በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው የሚያርደው። እኔን ግን ዓመቱን ሙሉ ያርደኛል። ይሄን ቤት ከሽፈራው ጋር ጭቃ አቡክቼ ነው የሠራሁት። እንጨቱን ተሸክሜያለሁ፣ ቆርቆሮውን በሽንኩርት ገዝቻለሁ። አንድ ዶሮ አንቆ በያዘ ቁጥር ቤቱ የሱ ይመስለዋል።» ሰፌዱን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገች። «ግን ገናን ያለ ዶሮ አላውለውም ቺሶሞ። ዶሮ ያልታረደበት ቤት፣ ሰው ሁሉ የተወው ቤት ነው። በገና ደጄ ላይ ቆሜ የሚያርድልኝ ካጣሁ፣ ያኔ እውነትም ሰው የለኝም ማለት ነው።»

ቺሶሞ አጠገቧ ቁጭ ብላ ምስሩን አብራት ለቀመች። ከዚህ ቤት ማንም እንደማያስወጣት የወሰነችው ግን እዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ቀላል አልነበሩም። ቦኖ ውኃ ላይ እቴነሽ ስትደርስ ጨዋታው ይቋረጣል። ዕድር ላይ ሰላምታው ከአፍ ያልፋል፣ ከልብ አይደለም። ሥራ ቦታ መሐንዲሱ በምሳ ሰዓት ጥብሱን እየበላ ቺሶሞን «ምነው ተከፋሽ?» ሲላት «አንተ ብላ። አንተን ማን ይናገርሃል!» ብላ በአማርኛ ጮኸችበት። አልገባውም፤ እሷም አላስረዳችውም። አለቃዋ አሁንም ደውሎ ክፍል እንደተዘጋጀላት ነገራት። «ክፍል አለኝ» ብላ ዘጋችው።

ታኅሣሥ ሃያ ስምንት፣ የገና ዋዜማ ደረሰ። ማሽላው ከየማሳው ገብቷል፣ ገበያው ጢም ብሏል፣ አስፋልቱ ላይ በጎችና ሲኖትራኮች ይጋፋሉ። እቴነሽ ጠዋት ወጥታ ወፍራም ገብስማ ዶሮ ገዝታ መጣች። ስትመርጥ ያየ ሰው የተጨነቀች ሴት አይላትም፤ ከሻጩ ጋር ተሟግታ፣ ደረቷን ዳብሳ፣ ላባዋን ገልጣ ነው የገዛቻት። ሽንኩርቱ ተከትፎ ድስት ገብቷል። ድርቆሹ ሣር ወለሉ ላይ ተጎዝጉዟል። የቀረ ነገር ቢኖር ያው ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ቢላዋውን በአንድ እጅ፣ ዶሮዋን በአንድ እጅ ይዛ ደጃፏ ላይ ቆመች። ቺሶሞ ከኋላዋ፣ ከኒሙ ሥር ቆመች። አሰፋ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ አብዱልሃዲ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሐል አድርጎ ተቀምጧል። እስክትጠራው ነው የሚጠብቀው። እንደማይቀርለት እርግጠኛ የሆነ ሰው አቀማመጥ ነው።

መጀመሪያ ያለፈው ባለ ባጃጁ ፍቅሩ ነው። እቴነሽ ተጣራች።

«ፍቅሩ፣ እስቲ ይቺን ዶሮ...»

«ውይ እትዬ! ተሳፋሪ ይዣለሁ» አለና ባዶ ባጃጁን እያበረረ ሄደ።

ቀጥሎ አናጢው መጣ። «ጣቴን ተቆርጬ» ብሎ ያሳየው ጣት ጭረት እንኳ የለበትም። ሦስተኛው ጨርሶ ቀና አላለም፤ ጫማውን እያየ አለፈ። አንድ ማሙሽ ቀረብ ቢል እናቱ ከሩቅ በስሙ ጠርታ አስመለሰችው። እንዲህ ያለ ጊዜ ነው ሰውን የሚያሳውቀው። ሁሉም ሽንኩርት በዱቤ የወሰዱ፣ ልቅሶ ሲደርስባቸው እቴነሽ እንጀራ ተሸክማ የገባችላቸው ናቸው።

ከእቴነሽ በላይ ባለው በር ላይ ደግሞ ሸዋዬ ቆማለች። ባሏ ጅቡቲ መስመር የሚሠራ ሾፌር ነው፤ ለበዓል እመጣለሁ ብሎ የቀረበት በዓል ብዙ ነው። እሷም እንደ እቴነሽ ዶሮና ቢላዋ ይዛ አላፊ ትጠብቃለች፤ ከእቴነሽ የሸሸ ወንድ ግን እሷም በር ላይ አይቆምም። ዓይኗ ከእቴነሽ ዓይን ሲጋጭ ቶሎ ወደ መሬት ጣለችው።

ራቢዓ አልቻለችም። መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ወላሂ እቴነሽ፣ ሲያናድዱ! አብዱልሃዲን ልላክልሽ?»

እቴነሽ ሳታስበው ሳቀች። «እሱ ካረደልኝማ እናንተው ወስዳችሁ ትበሉታላችሁ እንጂ እኔ ምን እበላለሁ?»

«እንዲያውም ከጠየቅሽኝ፣ ሴት ብታርድም ሐላል ነው ይላሉ ሸኾቹ። ሰዉ ነው ያስቸገረው። እኔም ቤት ባሌ ካልመጣ እንደናንተው ደጃፍ ነው የምቆመው» አለች ራቢዓ፣ ከንፈሯን እየመጠጠች።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ማዘንበል ጀምራለች። ዶሮዋ እጇ ላይ ተንፈራገጠች። የእቴነሽ ክንድ መዛሉን ቺሶሞ አየች። አሰፋም ያየ ይመስላል፤ ከአግዳሚው ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ «ጋሼ» ብትል በቃ፤ ያርዳል፣ ይገባል፣ ክፍሉም ነገ ለዮናስ ይለቀቃል። ቺሶሞ ይህን ልታየው አልቻለችም። ወደፊት ወጣችና እጇን ዘረጋች።

«ለእኔ ስጪኝ። አሁን አርዳለሁ።»

«አይሆንም።»

«ለምን? እኔ አልፈራም!»

«እንደማትፈሪ አውቃለሁ» አለች እቴነሽ። «አንቺ ብታርጂልኝ ነገ 'የባዕድ አገሯ ሴት አረደችላት' ይባላል። እኔ ያው ደጃፍ ላይ የቆምኩት ነኝ።» ዶሮዋን አየቻት፣ መንገዱን አየች፣ ከዚያ አሰፋን አየችው። «ክንፉን በየትኛው እግርሽ ነበር የረገጥሽው?»

«በዚህ» አለች ቺሶሞ፣ ግራ እግሯን እያሳየች።

እቴነሽ ወደ ግቢዋ ለመግባት ዞር እንኳ አላለችም። እዚያው ደጃፏ ላይ፣ መንገዱ በሙሉ እያያት፣ ዶሮዋን አጋደመቻት። ነጠላዋን አጣፋች። ክንፎቹን በግራ እግሯ፣ እግሮቹን በቀኟ ረገጠች። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለች ጮክ ብላ፣ ሰው እንዲሰማት ፈልጋ ነው፤ ቢላዋውንም ሳበችው።

የመጀመሪያው አልገባም። ዶሮዋ ተንፈራገጠች፣ ክንፏ ከእግሯ ሥር አመለጠ፣ ላባ ተበተነ። አንድ ሰው ከመንገዱ ሳቀ። ቺሶሞ ልትይዝላት ዘለለች።

«እንዳትነኪኝ!» አለቻት እቴነሽ። ሲጮህባት የኖረው ነገር ሁሉ ከሆዷ የወጣ ይመስል ነበር። ክንፉን መልሳ ረገጠች፣ አንገቱን ሳበች፣ ጥርሷን ነክሳ ደገመች። በዚህኛው ገባ። ደሙ አቧራው ላይ ፈሰሰ፣ ቀሚሷ ጠርዝ ላይም ተረጨ። ዶሮዋ ጸጥ እስክትል እግሯን አላነሣችም።

የሳቀው ሰው አንገቱን ደፍቶ መንገዱን ቀጠለ።

አሰፋ ከዘራውን ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አረድሽ?» አለ።

«አረድኩ ጋሼ።»

«የሽፈራውን ስም አዋረድሽው።»

«ሽፈራውማ ስሙ ከነክብሩ አለ። እሱ በሕይወት ሳለ እየሣቀ ያርድልኝ ነበር፤ አርዶልኝም ቤቴን አልጠየቀኝም።»

«ማን ይበላዋል ይሄን?»

«እኔ እበላዋለሁ። እሷ ትበላዋለች።» እቴነሽ ደም የነካውን እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እርስዎም ነገ ይምጡ። ቤትዎ ነድዷል፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው፤ የገና ቀን ዋርሳዬን ደጅ አላሳድርም። ሳህንዎን አዘጋጃለሁ። ግን እንግዳ ሆነው ነው የሚመጡት ጋሼ። እንግዳ የሚቀመጠው ደግሞ ባለቤቷ ያሳየችው ቦታ ላይ ነው።»

አሰፋ ቺሶሞን አየ፤ እሷም ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ከዘራውን መሬት ላይ መታ አድርጎ በመጣበት ተመለሰ። ይምጣ አይምጣ እዚያ ከቆመው ሰው የሚያውቅ የለም፤ ክፍሉን ግን ዳግመኛ እንደማይጠይቅ ሁሉም አወቀ።

እቴነሽ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም። ቺሶሞ አቀፈቻት። በዓሏ ካለፈ ሰንብቷል፣ ለእናቷም የዋሸችው ውሸት አለ፤ አሁን ግን ብትደውልላት የምትነግራት ሁሉ እውነት እንደሚሆን ተሰማት።

ያኔ ነው ሸዋዬ የመጣችው። ከበሯ ወርዳ፣ ዶሮዋን በብብቷ ይዛ፣ ሰው ያየኛል አላለችም። እቴነሽ ፊት ደርሳ ቆመች። አፍራለች፤ እንደዚያም ሆኖ አልተመለሰችም።

«እቴ» አለች፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ። «እንግዲህ አንዴ ጀምረሽዋል። የኔንም ብታርጂልኝ። እስኪመሽ መቆም ሰለቸኝ።»

እቴነሽ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ቢላዋውን ከመሬት አነሣችና በውኃ አጠበችው። ከዚያ በስለቱ በኩል ይዛ እጀታውን ወደ ሸዋዬ ዘረጋችላት።

«እኔ አላርድልሽም» አለቻት። «እንቺ።»